ከ40 ዓመት በኋላ የሚፈቱት የሲያትል አካባቢ ግድያዎች፦ ዲኤንኤው እንዴት ነው የሚሠራው? የማይሠራውስ ለምንድን ነው?

ሬንተን_ማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። በኪንግ፣ በስኖሆሚሽና በፒርስ ካውንቲ ከ70ዎቹና ከ80ዎቹ የቀሩ የግድያ መዝገቦች እየተከፈቱ ሰው ሲያዝ እናያለን። ዜናው ሁልጊዜ «በዲኤንኤ ተያዘ» ብሎ ያልፋል። እኔ የምፈልገው መሐሉን ነው።

1. ናሙናው ለሃያ ዓመት የፖሊስ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ ምንም ካልመታ፣ አሁን በዘር ሐረግ እንዴት መታ?
2. አንዳንዱ መዝገብ በሳምንት ሲፈታ ሌላው ለምን አይነቃነቅም?
3. ሟቹ ወይም ተጠርጣሪው ሐበሻ ቢሆን ይህ ዘዴ ይሠራል?
4. ቤተሰብ ከመጠበቅ ሌላ ምን ማድረግ ይችላል?

የምታውቁ ሰዎች ቁጥር ያለበት መልስ ስጡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ብትጽፉ ለማመሳከር ይቀላል።

ፒፔት

መጀመሪያ ሁለቱን ምርመራዎች እንለያያቸው። ሁለቱም «ዲኤንኤ» ስለሚባሉ ነው ሰው የሚምታታው።

ኮዲስ የሚባለው የኤፍቢአይ ዳታቤዝ የሚያየው 20 ቦታ ብቻ ነው። እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ 13 ነበር። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አጭር የፊደል ስብስብ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጠራል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት፣ በድምሩ 40 ቁጥር። ሰውየው ራሱ በሌላ ወንጀል ተፈርዶበት ናሙና ከሰጠ ይመታል። ካልሰጠ ዝም ነው። ወንድሙ እስር ቤት ቢኖር እንኳ የተለመደው ፍለጋ አያወጣውም። አርባ ዓመት ሙሉ ሳይያዝ በሰላም የኖረ ሰው ኮዲስ ውስጥ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የዘር ሐረጉ ምርመራ ሌላ ዓለም ነው። ከ600,000 በላይ ነጠላ የፊደል ልዩነቶችን ያነብባል። ሁለት ሰዎች ረጅም ቁራጭ ሳይቆራረጥ ከተጋሩ ከአንድ ሰው ነው የወረሱት ማለት ነው። የተጋሩት ርዝመት በሴንቲሞርጋን ይለካል። የአክስትና የአጎት ልጆች በአማካይ 866 ገደማ፣ ቅድመ አያታቸው አንድ የሆነ 229 ገደማ፣ ከዚያ አንድ ትውልድ ሲርቅ 73 ገደማ ይጋራሉ። ስለዚህ ገዳዩ የትም ባይኖር፣ የማያውቃት የሩቅ ዘመዱ ለመዝናኛ ብላ ምራቋን ልካ ከሆነ በቂ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ 2፦ የሚፈታውና የማይፈታው መዝገብ የሚለየው በመርማሪው ብልጠት አይደለም። አብዛኛውን የሚወስነው የመጀመሪያው ቀን ማስረጃው ምን ውስጥ ገባ የሚለው ነው። ልብሱ እርጥብ እያለ ፕላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ሻጋታና ባክቴሪያ ይበላዋል። ደርቆ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከገባ ሃምሳ ዓመትም ይቆያል። የድሮ ፖሊስ ዲኤንኤ የሚባል ነገር ሳያውቅ ለደም ዓይነት ምርመራ ብሎ በወረቀት ያስቀመጠው ነው ዛሬ ሰው የሚያስይዘው።

ሁለተኛው መጠን ነው። አንድ ሕዋስ ውስጥ 6.6 ፒኮግራም ገደማ ዲኤንኤ አለ፤ አንድ ናኖግራም ለማግኘት 150 ሕዋስ ገደማ ያስፈልጋል። የኮዲሱ ምርመራ በአንድ ናኖግራም ወይም በግማሹ ይሠራል። ለዘር ሐረግ በቺፕ ሲነበብ የሚመከረው እስከ 200 ናኖግራም ነው፤ ጥሩ ላብራቶሪ ከዚያ እጅግ ባነሰ ይሠራዋል፤ ሙሉ ጂኖም በማንበብ ደግሞ ከዚህም ያነሰና የተሰባበረ ናሙና ይጠቅማል። ችግሩ እያንዳንዱ ሙከራ ናሙናውን ይበላዋል። በ1998 አንዱ ሞከረ፣ በ2006 ሌላው ሞከረ፣ ዛሬ ጥሩው ማሽን ሲመጣ ቱቦው ባዶ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ላብራቶሪ አንዳንዴ «አሁን አንነካውም፣ እንጠብቅ» የሚለው። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ቸልተኝነት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ቅልቅል ነው። ከተፈቱት ውስጥ የአስገድዶ መድፈር ግድያ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ ጭንቅላት ጠንካራ ነው። ላብራቶሪው መጀመሪያ በቀላል ሳሙናና ኢንዛይም የሴቷን ሕዋሳት ያሟሟል፣ ፈሳሹን ይለያል፤ ከዚያ የቀረው ላይ ዲቲቲ የሚባል ኬሚካል ጨምሮ የወንዱን ይከፍታል። ንጹሕ የአንድ ሰው ናሙና ይወጣል። በጥይት የተገደለ ሰው ላይ ግን ገዳዩ ምን ጥሎ ይሄዳል? በኦክቶበር 11 ቀን 2001 ሲያትል ኩዊን አን ሰፈር ቤቱ ውስጥ በምድር ቤቱ መስኮት በኩል በጥይት የተገደለውን የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ቶማስ ዌልስን አስቡ። ያለው ነገር ጥይትና ቀለሃ ነው። ከዚያ ተነሥተው መሣሪያው ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ መሆኑንና አፈሙዙ በኋላ የተቀየረ መሆኑን ደረሱበት፤ በአገሪቱ ወደ 3,500 የሚጠጋ እንዲህ ያለ አፈሙዝ ተሸጧል፤ እሱን አንድ በአንድ ማሳደድ ነው ሥራው። ሽልማቱ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ እንኳ እስካሁን አልተፈታም።

ሰባት_ቤት

ፒፔት በደንብ ገልጾታል፤ እኔ ከላብራቶሪ በኋላ ያለውን ልቀጥል።

ይህን ሥራ ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ከሁለቱ ወገን ወደ ላይ እየተወጣ የሚገናኙበት አያት አለ ወይስ የለም ይባላል። የዘር ሐረግ ባለሙያ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ አያቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ታች መውረዱ ነው። ከባዱም መውረዱ ነው፤ አንድ ቅድመ አያት በአሜሪካ መቶ ተወላጅ ሊኖራት ይችላል።

በዚህ አካባቢ መማሪያ የሆነው የስኖሆሚሽ መዝገብ ነው። በኖቬምበር 1987 ከካናዳ ቫንኩቨር ደሴት የተነሡ የ20 ዓመት ወንድና የ18 ዓመት ሴት ለማሞቂያ ምድጃ ዕቃ ሊገዙ በጀልባ ተሻግረው ወደ ሲያትል ሲመጡ ጠፉ። የሷ አስከሬን ስካጂት ካውንቲ፣ የሱ ሞንሮ አጠገብ ድልድይ ሥር፣ መኪናቸው ቤሊንግሃም ተገኘ። ሦስት ካውንቲ ማለት ነው። የገዳዩ ናሙና ነበረ፣ ኮዲስ ውስጥ ገባ፣ ዓመታት ዝም አለ።

በ2018 ፓራቦን የሚባለው የዲኤንኤ ድርጅት ናሙናውን አንብቦ ጄድማች የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ጫነው። ሁለት ሰዎች ወጡ፤ ሁለቱም በሁለተኛ የአጎት ልጅ ርቀት (ቅድመ አያታቸው አንድ የሆነ)። ወሳኙ ነገር ሁለቱ እርስ በርስ አይዛመዱም፤ አንዱ በአባት ወገን፣ ሌላው በእናት ወገን ነበር። የዘር ሐረግ ባለሙያዋ ሲሲ ሙር የሁለቱንም ዛፍ ወደ ላይ ወጥታ ወደ ታች ስትወርድ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ጋብቻ ተገናኙ። ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ወንድ ልጅ አንድ ብቻ፤ ቀሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ናሙናው የወንድ ነው። አለቀ፤ ዊልያም ኧርል ታልቦት።

ልብ በሉ፣ አንድ ዘመድ ብቻ ቢገኝ ኖሮ ሥራው ወራት ይፈጅ ነበር። ከሁለቱም ወገን መገኘቱ ነው ቀናት ያደረገው። አምስት ወንድማማቾች ቢሆኑስ? ያኔ አምስቱንም በዕድሜ፣ በመኖሪያ፣ በዚያን ዘመን የት ነበሩ በሚለው ማጣራት ነው፤ በዲኤንኤ ወንድማማች በዘር ሐረግ ደረጃ አይለይም።

ሙር ስም ሰጠች እንጂ ማስረጃ አልሰጠችም። ይህን ሰው ሁሉ ያልፈዋል። ያ ስም ጥቆማ ነው፤ በስልክ እንደመጣ ጥቆማ። መርማሪዎቹ ሰውየውን ተከታትለው ከጭነት መኪናው የወደቀ የወረቀት ኩባያ አነሡ፣ በተለመደው የኮዲስ ዘዴ መረመሩት፣ ከ1987ቱ ጋር በቀጥታ ገጠመ። በሜይ 2018 የታሠረው በኩባያው ነው። ፍርድ ቤት የቀረበውም ኩባያውና በኋላ የተወሰደው ምራቅ ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ታኮማ ላይ ለ1986ቱ መዝገብ ምግብ ቤት የቀረ ናፕኪን፣ ለ1972ቱ የስኖሆሚሽ መዝገብ ካዚኖ ውስጥ የተጣለ የቡና ኩባያ። ተጠርጣሪው ሞቶ ከሆነ ደግሞ መቃብር ይከፈታል፤ የ1967ቱ የሲያትል ግድያ በ2019 የተዘጋው እንዲያ ነው፤ ሰውየው ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሬንተን_ማታ

ሁለታችሁም ተባረኩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ የግሪን ሪቨር ተከታታይ ገዳይ የሚባለው ሪጅዌይ ገና በ80ዎቹ ተጠርጥሮ ነበር ይባላል። ታዲያ እስከ 2001 ምን አስጠበቃቸው? ደግሞስ ከሰው እጅ የወደቀ ኩባያ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንሣት ይፈቀዳል?

ፒፔት

ሪጅዌይ ላይ የመጀመሪያውን እመልሳለሁ፤ ሁለተኛውን ለሕግ ሰዎች።

የመጀመሪያዎቹ አስከሬኖች ኬንት አጠገብ ወንዙ ውስጥ የተገኙት በ1982 በጋ ነው። ጋሪ ሪጅዌይ በ1984 የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ተቀምጦ አለፈ (የዚያ ማሽን ዋጋ ከዚህ በላይ መግለጫ አይፈልግም)። በ1987 ቤቱ ተፈተሸ፣ ጋዝ ጨርቅ አኝኮ ምራቁን ሰጠ። ያን ጊዜ የነበረው የዲኤንኤ ዘዴ የሳንቲም ስፋት ያለው ትኩስ ደም ወይም ፈሳሽ ይፈልግ ነበር፤ ከወንዝ ከወጣ አስከሬን ላይ የተገኘችው ጥቂት ነገር ብትሞከር ትበላና ታልቃለች። አልነኩም፤ አስቀመጡት። በ2001 በትንሽ ናሙና የሚሠራው ዘዴ ዋሽንግተን ስቴት ፓትሮል ላብራቶሪ ሲገባ ጋዙንና ናሙናዎቹን አመሳከሩ። በኖቬምበር 30 ቀን 2001 ሬንተን ከሚሠራበት የኬንወርዝ የጭነት መኪና ፋብሪካ ሲወጣ ተያዘ።

ከዚህ መዝገብ ሰው የሚረሳው ቀለሙን ነው። የሰውየው ሥራ መኪና መቀባት ነበር። ዲኤንኤ ባልተገኘባቸው ሟቾች ልብስ ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ክብ የቀለም ጠብታዎች ተገኙ፤ ከመርጫ ጠመንጃ ወጥተው አየር ላይ የደረቁ፣ ፋብሪካው የሚጠቀምበት ዓይነት ውድ ቀለም። በ2003 ሦስት ክስ የተጨመረው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሞት ቅጣት እንዲቀርለት ተደራድሮ 48 ግድያ ያመነው፤ 49ኛው በ2011 ተጨመረ።

የሟቾቹ ስም ፍለጋ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ቀጥሏል። «አጥንት 10»፣ «አጥንት 17»፣ «አጥንት 20» እየተባሉ የቆዩት ሦስቱ ስማቸው የተመለሰላቸው በ2021፣ በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዋ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ 37 ዓመት በቁጥር ተጠርታለች።

ችሎት_ተመልካች (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ኩባያው ላይ፦ በዋሽንግተን ስቴት መልሱን የሰጠው የአታን መዝገብ ነው። የ1982 ግድያ ነበር፤ ተጠርጣሪው ኒው ጀርሲ ይኖራል። በ2003 የሲያትል መርማሪዎች የሌለ የጥብቅና ቢሮ ፈጥረው «ለማቆሚያ ቅጣት የከፈልከው ገንዘብ ይመለስልሃል፣ በጋራ ክሱ ግባ» የሚል ደብዳቤ ላኩለት። ሞላና ፖስታውን በምላሱ አሽጎ መለሰው። ምላሱ የነካው ሙጫ ላይ ያለው ዲኤንኤ ገጠመ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 «ሰው በፖስታ የላከው ምራቅ ላይ የግላዊነት መብት አይቀረውም» በሚል አጸናው። ጠበቃ መስሎ መቅረቡን የተቃወሙ ዳኞች ነበሩ፤ እኔም ከነሱ ነኝ፤ ሕጉ ግን ያው ነው። የወደቀ ኩባያ ከዚህ በጣም የቀለለ ነው።

የዘር ሐረግ ፍለጋው ራሱ ደግሞ ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር መመሪያ አለው፦ መጀመሪያ ኮዲስ ተፈልጎ ያልመታ መሆን አለበት፤ ግድያ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን መሆን አለበት፤ በጥቆማው ብቻ ሰው አይታሠርም። ገደቡ የፌዴራል ገንዘብና ላብራቶሪ በሚነካው ላይ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ላላችሁ ወገኖች፦ ሕጉ ከዋሽንግተን ስቴት ጋር አይመሳሰልም። ኮዲስ ውስጥ ዘመድ መፈለግ ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው፤ የዘር ሐረግ ዳታቤዝ ፍለጋ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የዳኛ ፈቃድ ይጠይቃል። በዋሽንግተን ስቴቷ ቦቴል የተሠራው በሜሪላንዷ ቤቴስዳ በዚያው መንገድ አይሠራም።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ፤ መፍታትና ማስፈረድ ይለያያሉ። ታልቦት በ2019 ተፈረደበት፤ በዲሴምበር 2021 ይግባኝ ሰሚው አንዲት የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) አባል ገለልተኛ ልትሆን አትችልም ነበር በሚል ሻረው፤ በዲሴምበር 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰው። የዲኤንኤው ትክክለኛነት አንዴም ጥያቄ ላይ አልወደቀም፤ ሊያፈርሰው የነበረው የጉባኤ አባላት ምርጫ ነው።

ሰባት_ቤት

ወደ ጥያቄ 3፤ ማንም ስላልነካው።

በአጭሩ፦ ዛሬ ሐበሻ ላይ ይህ ዘዴ ደካማ ነው። በ2018 የወጣ ስሌት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ባለበት ዳታቤዝ ውስጥ የአውሮፓ ዝርያ ላለው አሜሪካዊ 60 በመቶ ያህል ዕድል ሦስተኛ የአጎት ልጅ ወይም ከዚያ የቀረበ ዘመድ ይወጣል ይላል። ምክንያቱም የሞሉት እነሱ ናቸው። ከጎንደርና ከወለጋ የመጣ ሰው ቢጫን የሚወጣለት 15 ወይም 20 ሴንቲሞርጋን የሚጋራ ሰው ነው፤ ያ ከየት እንደሚገናኝ አይታወቅም፣ ዛፍም አይሠራበትም።

ዘመድ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛው ግድግዳ ይመጣል፤ ስማችን። የአሜሪካ ባለሙያ ዛፍ የሚሠራው በቤተሰብ ስም፣ በሕዝብ ቆጠራ፣ በጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ ነው። እኛ ዘንድ ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ ወንድማማቾች ልጆች ሲወልዱ የልጆቻቸው «የቤተሰብ ስም» ሁለት ነው። አንድ ሙሉጌታ በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት ይጻፋል። በስደተኛ ካምፕ ያለፈው ግማሹ ሰው በወረቀት ላይ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ኢሚግሬሽን ላይ የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» ብሎ ያስመዘገበም አለ። ይህን ሁሉ ሳያውቅ የሚገባ ባለሙያ የተሳሳተ ዛፍ ሠርቶ የተሳሳተ ሰው በር ያንኳኳል።

በሌላ በኩል እኛ ያለን ነገር አለ፤ የቃል ቆጠራ። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ያለ ወረቀት የአባቷን ወገን ስድስት ትውልድ ከነቅርንጫፉ ትቆጥራለች። እንዲህ ያለ ሰው ካለ በቆጠራ መዝገብ ከሚሠራው ዛፍ ይሻላል። መርማሪ ግን እሷን መጠየቁን አያውቅም፤ ቢያውቅም በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚጠይቅለት ያስፈልገዋል።

አራዳ_ጥግ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የዘመኑ አውጫጭኝ ነው። ድሮ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ አሁን ደግሞ ያላጠፋ ዘመድ ሁሉ ሳያውቅ ሜዳው ላይ ይቀመጣል። ምራቋን የላከችው ሴትዮ ለአጎቷ ልጅ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ማን ሰጣት?

ሰባት_ቤት

ሥጋቱ እውነት ነው፤ ግን መጠኑን እንወቀው። ትልልቆቹ ምራቅ መርማሪ ድርጅቶች፣ አንሴስትሪና 23ኤንድሚ፣ ለዚህ ፍለጋ ፖሊስን አያስገቡም። የሚያስገቡት ጄድማችና ፋሚሊትሪዲኤንኤ ናቸው። ጄድማች ከሜይ 2019 ጀምሮ ፖሊስ የሚያየው «ፈቅጃለሁ» ያለውን ሰው ብቻ ነው፤ ነባሪው ምርጫ አለመፍቀድ ሆኗል፤ በዚያን ሳምንት ፖሊስ የሚያየው ወደ ዜሮ ወረደ፣ ብዙ መዝገብም ቆመ። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ለመለየት ግን ከ2021 ጀምሮ ያልፈቀደውም ይታያል። ፋሚሊትሪዲኤንኤ በተቃራኒው ነው፤ ከአውሮፓ ካልሆናችሁ ካልከለከላችሁ በቀር ገብታችኋል። የምትገቡ ሰዎች ይህን ምርጫ ገጽ መጀመሪያ ክፈቱት። ከአውጫጭኝ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳው ላይ የቆመው ሰው መውጫ በሩን ያገኘዋል፤ ዘመዱ ግን አያገኘውም፤ በዚህ ልክ ነህ።

መዝገብ_ቤት

ጥያቄ 4 ላይ እኔ ልግባ፤ ሰው ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ነው።

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው የመዝገቡን ኮፒ መጠየቅ ነው። አይሰጣችሁም። የዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ ሰነድ ሕግ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ መልሱ ግን «ክፍት ምርመራ ነው» ይሆናል። የዚህ መሠረት ኤድዊን ፕራት ነው፤ የሲያትል አርባን ሊግ መሪ፣ በጃንዋሪ 1969 ሾርላይን ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት የተገደለው። አንድ ጋዜጠኛ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሰነዱን ጠየቀ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ምርመራው ክፍት እስከሆነ ድረስ መዝገቡ በሙሉ አይሰጥም አለ። በግድያው እስካሁን የተከሰሰ ሰው የለም።

ስለዚህ ሰነድ አትጠይቁ፤ ቀጠሮ ጠይቁ። ለሸሪፉ ወይም ለከተማው ፖሊስ የኮልድ ኬዝ (ሳይፈቱ የቆዩ መዝገቦች) ክፍል በጽሑፍ፣ የመዝገቡን ቁጥር አስቀምጣችሁ። ስትገናኙ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አትበሉ፤ «የለም» ይባላል፣ ስብሰባው አለቀ። እነዚህን ጠይቁ፦

ማስረጃው አሁን በአካል አለ? ማን አየው፣ መቼ? (ዝርዝሩ ላይ «አለ» ተብሎ መጋዘን ሲፈለግ የማይገኝ ብዙ ነው፤ በተለይ ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ቦታ ሲቀይር የተዛወረ።) ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው በየትኛው ዓመት፣ በምን ዘዴ ነው? ከ2000 በፊት ከሆነ እንዳልተመረመረ ቁጠሩት። ከተመረመረው የተረፈ ፈሳሽ አለ ወይ፣ ስንት ናኖግራም? ፕሮፋይል (የኮዲሱ ቁጥሮች) ከወጣ ኮዲስ ውስጥ የገባው በስቴት ደረጃ ብቻ ነው ወይስ በአገር ደረጃ? በጣም ጎዶሎ የሆነ ፕሮፋይል አገራዊው ላይ አይገባም፤ «ዳታቤዝ ውስጥ ነው» የሚለው ቃል ይህን ይደብቃል። የጣት አሻራ ተገኝቶ ነበር? በቅርቡ እንደገና ተፈልጓል? ይህ የመጨረሻው ርካሹ ሥራ ነው፣ ሰው ግን በዲኤንኤ ሲጠመድ ይረሳዋል።

መልሱን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። መርማሪው ጡረታ ሲወጣ ለተተኪው የምታሳዩት እሱን ነው።

ገንዘብ የለም ከተባለ፦ ኦትራም በሚባለው የቴክሳስ ላብራቶሪ በኩል በሕዝብ መዋጮ የሚከፈልበት መንገድ አለ፤ ለአንድ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 7,500 ዶላር ነው። ገንዘቡን ብታዘጋጁም ግን ናሙናውን መላክ የሚችለው መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያ መዋጮው። የስቴቱ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትም ሂትስ የሚባል የግድያ መከታተያ ክፍል አለው፤ ትንሽ ከተማ ፖሊስ ከሆነ የያዘው፣ እርዳታ እንዲጠይቃቸው ንገሩት።

በ2022 የጸደቀውን የግድያ ሟቾች ቤተሰብ መብት ሕግ የምትጠቅሱ አላችሁ፤ ሦስት ዓመት ያለፈው መዝገብ እንደገና እንዲታይ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ በስድስት ወር መልስ ይሰጣል የሚለውን። እውነት ነው፤ ግን የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው። ለኪንግ ካውንቲ ሸሪፍ ብትጠቅሱት አይሠራም።

የጠፋ ሰው ያላችሁ ደግሞ ናምአስ በሚባለው አገራዊ የጠፉ ሰዎች መዝገብ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ የቤተሰብ ምራቅ ናሙናም ስጡ፣ ነጻ ነው። ከአንድ ሰው በላይ ይስጥ። እናት፣ አባት፣ ልጅ ይበልጣሉ፤ እነሱ ከሌሉ ከአንድ እናት የተወለደ ወንድም ወይም እህት፤ የእናት መስመር ከአሮጌ አጥንትም ይወጣልና። የአባት ብቻ ወንድም «ወንድሜ ነው» ብሎ ከሰጠ ንጽጽሩ ይበላሻል። ፎርሙ ላይ ዝምድናውን እንደ ወረቀቱ ሳይሆን እንደ ሥጋው ጻፉ። ይህ ናሙና ለጠፋ ሰው ፍለጋ ብቻ ነው የሚውለው።

ሬንተን_ማታ

የመጨረሻው መስመር ብቻውን ያስጨንቃል፤ ብዙ ሰው ኢሚግሬሽን ላይ ከተመዘገበው የተለየ ዝምድና ለመጻፍ ይፈራል።

ችሎት_ተመልካች (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ፍርሃቱ ይገባኛል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ሰው ናሙና ከመስጠቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ካልሆነ ደግሞ ወረቀቱና ሥጋው የሚስማሙበት ሌላ ዘመድ ይስጥ፤ አንድ እናት ወይም አንድ ልጅ ከሦስት አወዛጋቢ ወንድሞች ይሻላል።

ሕግ_አዲስ_አበባ

አገር ቤት ለሚጠይቁ አንድ ልጨምር። በዋሽንግተን ስቴት ለግድያ ይርጋ የለም፤ የ1967ቱም ገዳይ በሕይወት ቢኖር ይከሰስ ነበር። እኛ ዘንድ ግን አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 217 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት ይሰጣል። ከባድ ግድያ፣ አንቀጽ 539፣ እዚህ ይገባል። በአንቀጽ 540 የሚወድቀው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ስለሚያስቀጣ ይርጋው 20 ዓመት ነው። ዘመኑን የሚያቋርጡ ምክንያቶች ስላሉ ዝም ብሎ ከቀኑ መቁጠር አይበቃም። በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በይርጋ አይታገድም። ስለዚህ ከአገር ቤት የቀረ መዝገብ ያለው ሰው ስለ ናሙናው ከመጠየቁ በፊት ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደተከፈተ ይወቅ፤ በ539 እና በ540 መካከል ያለችው አምስት ዓመት በሩን ልትዘጋው ትችላለች።